12ኛን ጨርሳችሁ ውጭ አገር ከሕፃናት ጋር በበጎ ፈቃድ ለመሥራት፦ ከድሬዳዋ ለምትነሱ

መጀመሪያ ነገር፣ ለደላላ ገንዘብ አትክፈሉ። ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይቺን ያዙልኝ። «ጀርመን በበጎ ፈቃድ አስገባሻለሁ፣ ሕፃናት መንከባከብ ብቻ ነው፣ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ትንሽ ነገር ጣል አድርጊ» የሚላችሁ ሰው፣ ሱፍ ቢለብስም ቢሮ ቢኖረውም ያው ደላላ ነው። ይሄ ለድሬ ልጅ አይነገረውም። በከተማችን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በኦቦክ በኩል ወደ የመን ስንቱ ወጣት እንዳለፈ እናውቃለን። የትክክለኛው መንገድ ወጪ የት እንደሚከፈል የታወቀ ነው። የፓስፖርቱ ለኢሚግሬሽን፣ የቋንቋ ፈተናው ለፈታኙ ተቋም፣ የቪዛው ለኤምባሲው። ሁሉም ደረሰኝ ይሰጣሉ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው ሲገጥማችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተለያዩ።

እኔ አሁን ሳቢያን አካባቢ አፀደ ሕፃናት አስተምራለሁ። 12ኛን እንደጨረስኩ ጀርመን አገር፣ ብሬመን አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ፣ አንድ የሕፃናት መዋያ ውስጥ የበጎ ፈቃድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል የሰፈር ልጆች ቤት ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

አብዛኞቹ የሚመጡት ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ደግሞ 3.2። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሁሉ ሰነፍ ነው ብዬ አላስብም፣ እናንተም ስለ ራሳችሁ እንደዚያ አታስቡ። እኔ የማወራው የበጎ ፈቃድ ዓመት የፈተና ውጤት አይጠይቃችሁም። የሚጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ።

ልጁ ማታ ወደ ማን ይሄዳል?

ቦታ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ። መልሱ «ወደ እናቱ፣ ወደ አባቱ፣ ወደ አያቱ» ከሆነ ሂዱ። «እዚያው ግቢ ውስጥ ያድራል፣ ወላጅ የለውም፣ ፍቅር የምትሰጡት እናንተ ናችሁ» ከሆነ ቆም በሉ።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ። እኛ አገር የሚመጡ የፈረንጅ በጎ ፈቃደኞችን ከተቀባዩ ወገን ሆነን አይተናቸዋል። አንድ ስሙን የማልጠራው የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ለሁለት ሳምንት መጥተው የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ። መኪናው በር ላይ ሲቆም ልጆቹ ሮጠው ይጠመጠሙባቸዋል። እንግዶቹ ደስታቸው ልክ የለውም፣ ፎቶ ይነሳሉ። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ግን አዲስ የመጣውን ሁሉ በዚያው ቀን «እማዬ» ትል ነበር። ወተት ስታቀርብላት የኖረችውንም፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደችውንም። እናት ያላት ልጅ እንደዚያ አታደርግም። መጀመሪያ ከቀሚስ ኋላ ትደበቃለች፣ ታያችኋለች፣ ካመነች ትቀርባለች። ላገኙት ሰው ሁሉ መጠምጠም የሚመጣው ሰው ሲመላለስ፣ ሲመጣና ሲሄድ ነው።

ደግሞም በዓለም ላይ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉት ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ጎብኚና ለጋሽ በበዛባቸው እንደ ኔፓልና ካምቦዲያ ባሉ አገሮች፣ ማሳደጊያውን ለመሙላት ልጆች ከድሃ ቤተሰብ እየተወሰዱ መገኘታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። አውስትራሊያ በ2018 እ.ኤ.አ. ዘመናዊ ባርነትን የሚመለከት ሕጓን ስታወጣ ይህንንም አንስታዋለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ሕፃናት መብት ባወጣው ውሳኔ ማሳደጊያ ውስጥ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝትን በስጋት ጠቅሶታል። ሐበሻ ስለሆንን ከዚህ ነፃ አንሆንም። ፓስፖርት ይዘን ስንወጣ እኛም እንግዳ ነን።

ስለዚህ የምመክራችሁ መዋለ ሕፃናት፣ የትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ፕሮግራም፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚማሩበት ቋሚ ሠራተኛ ያለው ቦታ ነው። እናንተ ባትኖሩም የሚሠራ ቦታ። እናንተ የምትጨምሩት ሁለት እጅ ነው። ይሄ አንዳንዱን ቅር ይለዋል፣ «እና ምን ለውጥ አመጣሁ?» ይላል። አቦ፣ በ19 ዓመት ዕድሜ የሰው አገር ልጅ ሕይወት ላይ ለውጥ ካላመጣሁ አይባልም። ጫማውን በትክክል ካሰራችሁለት በቂ ነው።

የት ይኬዳል?

እኔ በደንብ የማውቀው የጀርመኑን ነው። ፍራይቪሊገስ ሶሲያለስ ያር ይባላል፣ የበጎ ፈቃድ ማኅበራዊ ዓመት ማለት ነው። ሰዉ በምኅፃሩ ኤፍ ኤስ ዮት ይለዋል። ሕጉ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዕድሜያቸው ከ27 ያልሞላ፣ የግዴታ ትምህርታቸውን የጨረሱ ይገቡበታል። አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግዴታ ውትድርና ሲቆም የፌዴራል መንግሥቱ የራሱን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጀመረ፣ ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት የሚባለውን። ለእናንተ በሥራው ብዙ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም የኪስ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ኢንሹራንሳችሁን የሚከፍለው አሠሪው ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ 25 የሥልጠና ቀን አለ።

ሦስተኛው ቬልትቬርትስ የሚባለው ነው። ከጀርመን ወጣት ወደ ውጭ ለመላክ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። በኋላ ከእኛ መሰል አገሮች ወደ ጀርመን የሚኬድበትም ተጨመረበት። በዚህ የምትሄዱት አገር ቤት ባለ አጋር ድርጅት በኩል ነው። ድርጅቱ ካለ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይሄ ነው፣ ዝግጅቱም ወጪውም አብዛኛው ይሸፈናል።

ጀርመንኛ አልፈልግም ላለ፣ ካምፕሂል የሚባሉ ማኅበረሰቦች አሉ። የመጀመሪያው በ1940 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ አበርዲን አጠገብ ተጀመረ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆችና አዋቂዎች ጋር እየኖራችሁ ትሠራላችሁ፣ መኝታና ምግብ ይሰጣል። ብሪታንያ ለዚህ የምትሰጠው የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ቪዛ ቢበዛ 12 ወር ነው፣ ተቀባዩ ድርጅት የስፖንሰር ማረጋገጫ ሊሰጣችሁ ግድ ነው። ሥራው ከባድ ነው፣ ከመዋለ ሕፃናት ጋር አይወዳደርም።

የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም አለ፣ ግን ከ12ኛ በኋላ የተማረ ነው የሚፈልገው። ዲፕሎማ ወይ ዲግሪ ስትይዙ ተመለሱበት።

እዚሁ ድሬ የሚሠራ ሥራ

ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከፓስፖርት ነው። እኔ ከልጆች ጀምሩ እላለሁ። የበጎ ፈቃድ ዓመት የሚጠይቃችሁ ሌላ ነገር ያልኩት ይሄን ነው፤ ከልጆች ጋር መዋል እንደምትችሉ የሚያሳይ ማስረጃ። ጀርመኖቹ በቪዲዮ ሲያነጋግሩኝ ያተኮሩት «ከዚህ በፊት ከስንት ልጅ ጋር፣ ስንት ዓመት የሆናቸው፣ ምን ታደርጉ ነበር?» የሚለው ላይ ነበር። «ልጆች እወዳለሁ» ማንም ይላል።

ክረምት ላይ የበጎ ፈቃድ ማስጠናት በየቀበሌው አለ፣ ተመዝገቡ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል፣ መድረሳ፣ ቀይ መስቀል፣ ሰፈራችሁ ያለ አፀደ ሕፃናት፣ የቱም ይሆናል። ዋናው ሳይቋረጥ ወራት መቆየት ነው። ስትጨርሱ ደብዳቤ ጠይቁ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት፣ የሠራችሁትን በዝርዝር የሚጽፍ። «ታታሪና ሥነ ምግባር ያላት» የሚል ደብዳቤ ለማንም አይጠቅምም። «ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ተረት ታነብ ነበር» የሚለው ይጠቅማል።

አንዴ የአንዱ ልጅ እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ወንድ ልጄን ዳይፐር ቀያሪ ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ ሳህንም ያጥባል» አልኳቸው። ሳቁ። ልጁ አሁን እዚያው ነው፣ ወንድ ስለሆነ ነው እንዲያውም የፈለጉት። የጀርመን መዋለ ሕፃናት ወንድ ሠራተኛ ይቸግራቸዋል።

ጀርመንኛውን ደግሞ ከመስከረም ጀምሩ። ድሬ የጀርመን ባህል ተቋም የለም፣ ጎይቴ ያለው አዲስ አበባ ነው። ፈተናውን እዚያ ሄዳችሁ ትወስዳላችሁ፣ ትምህርቱን ግን ቤታችሁ ሆናችሁ መግፋት ይቻላል። ዶይቸ ቬለን በአማርኛው ሬዲዮ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባቶቻችን ሲሰሙት የኖሩት ነው። ድረ ገጹ ላይ ከዜሮ ጀምሮ እስከ መካከለኛ ደረጃ የሚያደርስ የጀርመንኛ ኮርስ በነፃ አለው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱና ቤት ሥሩት። ተቀባዮቹ ብዙዎቹ ኤ-ሁለት የሚባለውን ሁለተኛውን የቋንቋ ደረጃ ይጠይቃሉ፣ ቢ-አንድ ማለትም ሦስተኛውን የሚሉም አሉ። የጠየቁት ያነሰ ቢሆንም እናንተ ቢ-አንድን አስቡ። የአራት ዓመት ልጅ ቀስ ብሎ አያወራላችሁም።

ወረቀት

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቀልጠው። ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፣ ስምና ቀን።

ስማችሁ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። የ12ኛ ሰርተፍኬት ላይ አንድ ዓይነት፣ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ሌላ፣ ፓስፖርት ላይ ሦስተኛ ሆኖ የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። ለእኛ ያው ስም ነው፣ ለውጭ ቢሮ ግን ሦስት ሰው ነው። ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት ሰርተፍኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተሳሳተውን አሁን አስተካክሉ። አያትም ይካተታል፣ አያትን አትርሱ።

ቀኑ ደግሞ የእኛ አቆጣጠር ነገር ነው። መስከረም 1 የተወለደ ሰው በፈረንጅ መስከረም 11 ወይም 12 ነው፣ ዓመቱም 7 ይጨመርበታል። ከታኅሣሥ 22 ወይም 23 ጀምሮ የተወለደ ደግሞ 8። ልደቱን «2000» ብሎ በኢትዮጵያ ያስመዘገበ ልጅ፣ ሳይቀየር በፈረንጅ 2000 ተብሎ ከተጻፈበት ባንድ ሌሊት ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። 27 ዓመት የዕድሜ ጣሪያ ያለው ፕሮግራም ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የቀረውን በፍጥነት ልበል። የልደት ምስክር ወረቀት ቀበሌ ወሳኝ ኩነት። ፓስፖርት ድሬ ያለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ፣ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ከወንጀል ነፃ ማስረጃ በአሻራ ከፌዴራል ፖሊስ። ትርጉምና ማረጋገጫ ስታሠሩ ተቀባዩን በኢሜይል «ምን ምን ይረጋገጥ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ሁሉንም ካስተረጎማችሁ ብር ታባክናላችሁ።

አንድ የማይታሰብ ነገር፣ ኩፍኝ። ጀርመን ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዋለ ሕፃናት ውስጥ የሚሠራ፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. በኋላ የተወለደ ሰው ሁሉ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ሁለት ጊዜ የተከተባችሁበትን። የልጅነት ካርዳችሁ ከጠፋ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተከትባችሁ አስመዝግቡ። እንዲህ ያለ ትንሽ ወረቀት እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሥራ ያስቆማችኋል።

ጊዜውን አስሉት። እዚያ ዓመቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ ወይም መስከረም መባቻ በፈረንጅ ነው፣ ማመልከቻው ግን ካለፈው መከር ጀምሮ ይገባል። ስለዚህ ሐምሌ ፈተና ተፈትኖ ነሐሴ መብረር የለም። አንድ ዓመት ቢያንስ። ተቀባዩ፣ አስተባባሪው ድርጅትና እናንተ የምትፈርሙት ውል አለ። ውሉ ላይ የሥራ ሰዓቱ፣ መኝታው፣ የኪስ ገንዘቡ፣ ዕረፍቱ ይጻፋል። ያ ሳይመጣ ቪዛ ቀጠሮ አይያዝም። ቀጠሮ ደግሞ ቶሎ አይገኝም።

ኤምባሲ ላይ «ትመለሺያለሽ?» ይሏችኋል። የሸመደዳችሁትን አትናገሩ። ከዓመቱ በኋላ ምን ልታደርጉ እንዳሰባችሁ፣ ድሬ ላይ ምን እንደሚጠብቃችሁ በራሳችሁ አነጋገር ተናገሩ። ብዙዎቻችሁ መውጣት ነው የምትፈልጉት፣ አውቃለሁ፣ አልፈርድም። ከዓመቱ በኋላ በሕጋዊ መንገድ ወደ ሙያ ሥልጠና የሚያልፉ አሉ፣ እንደ ሕፃናት አስተማሪነትና ነርስነት ያለ። ያ ንጹሕ መንገድ ነው። በመሃል ሥራውን ጥሎ መጥፋት ግን ከኋላ ለሚመጣው የሰፈር ልጅ በሩን መዝጋት ነው። አንዴ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው የጠፋበት መዋለ ሕፃናት ሁለተኛ ማመልከቻችንን አያነብም።

እዚያ ስትደርሱ

ጠዋት በር ላይ የልጆቹ ማንጠልጠያ አለ። ማንበብ ስለማይችሉ በስም ፈንታ ሥዕል ነው ያለው። አንዱ ጃርት፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ጨረቃ። የመጀመሪያ ሥራችሁ የትኛው ማንጠልጠያ የማን እንደሆነ ማወቅ ይሁን። ስም ከመያዝ ይቀላል። ልጁም «ጃርቱ ጋ እንስቀለው» ስትሉት እንደሚያውቀው ሰው ያያችኋል።

አዲስ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ብዙ ቦታ የሚከተሉት በርሊን የተቀረጸ የማላመጃ አሠራር አለ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እናቱ ወይም አባቱ አብረውት ይቀመጣሉ፣ ማንም ለመለየት አይሞክርም። በአራተኛው ቀን ወላጁ ተሰናብቶ ለአጭር ጊዜ ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ልጁ ካለቀሰና ካልተጽናና ይመለሳል። እኛ አገር ልጁን በር ላይ ሰጥተን፣ እያለቀሰ ጥለን ነው የምንሮጠው። እኔ አሁን ሳቢያን ይሄን ነው ያመጣሁት። መጀመሪያ ወላጆቹ «ሥራ የለንም እንዴ?» ብለው ተቆጡ፣ አሁን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

የእኛን ልማድ በተመለከተ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ መሳም። እኛ ያገኘነውን ሕፃን ጉንጩን ሳንስም አናልፍም። እዚያ አይደረግም። ልጁ ራሱ ጭናችሁ ላይ ከመጣ ይቀመጥ፣ እናንተ ግን አትጎትቱት።

ሁለተኛ፣ ጉርሻ። «በሞቴ ይቺን ብቻ» የለም። ልጁ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ራሱ ነው። ሳህኑ ላይ ድንች ተርፎ ሲደፋ እያያችሁ ዝም ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው፣ ወላሂ ከብርዱ በላይ የከበደኝ እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁንጥጫ። ጆሮ መያዝም፣ ኩርኩምም፣ መጮህም ያው ነው። ጀርመን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆች ያለ ዱላና ያለ ማዋረድ የማደግ መብት በሕግ አላቸው። ለቀልድ ቆንጠጥ ያደረጋችሁት ዓመቱን በመሃል ሊያቋርጥባችሁ ይችላል። ልጅ ሌላውን ሲመታ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ከመድረሱ በፊት ቋሚዋን መምህርት ጠይቁ። እዚያ የማደርገው ተንበርክኬ በልጁ ቁመት ሆኜ፣ እጁን ያዝ አድርጌ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ነበር። ጀርመንኛዬ ረጅም ስለማያስኬደኝ ጠቀመኝ።

ስልካችሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉ። የልጆች ፎቶ ቲክቶክ ላይ ማውጣት ይቅርና ማንሳትም የሚቻለው ወላጅ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። ልጅን ስም ዝርዝር ላይ ለሌለ ሰው አትስጡ። እኛ ሰፈር ጎረቤትም፣ የባጃጅ ሾፌርም ልጅ ይዞ ይሄዳል። እዚያ አጎት ነኝ ቢልም ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ቢሮ ይላካል። ግቢ ሲወጣ ቁጠሩ፣ ሲገባ ቁጠሩ። ከአገር ቤት የመጣ ቆሎ አታድሉ። ውስጡ ያለው ኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ልጅ አደገኛ ነው፣ ሕፃን ደግሞ ይታነቅበታል።

ዝናብም በረዶም ቢሆን ልጆቹ ውጭ ይወጣሉ። የድሬ ፀሐይ የለመደ ሰው መጀመሪያ እብዶች ናቸው ይላል። አሥራ አምስት ልጅ ቱታ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ኮፍያ ማልበስ አስቡት። የመጨረሻው ጓንቱን ሲያገባ የመጀመሪያው ሽንቱ መጥቷል። ዘዴው ወለል ላይ ልብሱን ዘርግታችሁ ልጁ ራሱ እንዲገባበት መተው ነው። እናንተ ዚፑን ብቻ። ለራሳችሁም የዝናብ ሱሪ ግዙ።

ስለ ቆዳችሁና ፀጉራችሁ ይጠይቋችኋል። አንዱ ክንዴን በጣቱ ፈትጎ ጣቱን አየ፣ ይለቅ እንደሆነ። «ሞክር፣ ሳሙናም አምጣ» አልኩት። አመጣ። ታጠብን፣ አልለቀቀም፣ ነገሩ አለቀ። ልጅ ሲጠይቅ አትከፉ። ትልቅ ሰው በክፋት ሲናገር ግን ዝም አትበሉ፣ አስተባባሪያችሁን ጥሩ፣ ሥራው ነው።

ከእኛ የሚወሰድ ጨዋታ ሰኞ ማክሰኞ ነው። ጠመኔና ጠጠር ብቻ፣ ቋንቋ አይፈልግም። ኩኩሉም ይሄዳል፣ «አልነጋም» ማለት በሁለት ቀን ይይዛሉ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ፋኖስ ይዘው በምሽት እየዘፈኑ የሚሄዱበት የቅዱስ ማርቲን በዓል አለ፣ በሰሜን ጀርመን አንዳንድ ቦታ በየቤቱ እየዘፈኑ ከረሜላ ይሰበስባሉ። ሆያ ሆዬ ላደገበት ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሂጃብ የምታደርጊ፣ የምትጾሙ፣ ሐላል የምትበሉ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ዲያኮኒና ካሪታስ የሚባሉት ትልልቅ አስተባባሪዎች የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ናቸው። ሙስሊም የሚቀበል ብዙ ቦታ አላቸው፣ ግን መዋለ ሕፃናቱ ከመዋለ ሕፃናት ይለያያል። ቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ ማንንም አያሳፍርም።

ስለ ብር

ከቤተሰብ ጋር ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ። የኪስ ገንዘብ ደመወዝ አይደለም። ሕጉ ጣሪያ ያስቀምጣል እንጂ ይሄን ያህል ይከፈል አይልም፣ ብዙ ቦታ ከጣሪያው በታች ነው የሚሰጠው። ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ አልፎ አልፎ ቡና፣ አለቀ። ድሬ ላይ ግን «ጀርመን ገባች» ተብሏል። የአክስት ልጅ ሰርግ፣ የጎረቤት ሕክምና፣ የእቁብ ክፍያ ይመጣል። ወላጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ውሉን አሳዩአቸው፣ ቁጥሩን ወደ ብር ቀይሩላቸው፣ ከዚያ የዳቦና የአውቶቡስ ዋጋውንም አብራችሁ ቀይሩ። ብር መላክ ግድ ከሆነባችሁ፣ ቤት የሚጠብቃችሁ ታናሽ ካለ፣ ይሄ ዓመት አሁን ለእናንተ አይደለም። እዚሁ ሥራ ፈልጋችሁ በኋላ ሞክሩ፣ 27 እስኪሞላ ጊዜ አለ።

ስትጨርሱ

ልጆቹን ድንገት አትሰወሩባቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ንገሯቸው፣ ካሌንደር ላይ ቀኑን አብራችሁ ቀለም ቀቡ። «እመለሳለሁ» አትበሉ፣ ካልተመለሳችሁ ልጅ ያስታውሳል።

ማስረጃችሁን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። በሕጉ መሠረት የሠራችሁትን የሚገልጽ የጽሑፍ ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት አላችሁ። በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ የልጆቹ ዕድሜና የሠራችሁት ሥራ የተዘረዘረበት ይሁን። የሥልጠና ቀናቱም ይጻፉበት። እንዲሁም ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፣ ድሬ ከገባችሁ በኋላ ማስተካከል ወራት ነው የሚፈጀው።